ከፓነሉ በር ጀርባ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ቡናዬ ብቻ ነን። የማወራው ስለ ፓስወርድ ነው። አውቃለሁ፣ እንቅልፍ ያመጣል። ትንሽ ታገሱኝ።

ሥራዬ የፋብሪካ አውቶሜሽን ነው። ማሽን የሚያዙትን፣ ፒኤልሲ የሚባሉትን ትንንሽ ኮምፒውተሮች፣ እነሱን የሚያገናኙትን የኔትወርክ ስዊቾች እነካካለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኮንትሮል ፓነል ስከፍት፣ ከበሩ ጀርባ በማርከር 1111 ተጽፎ አገኘሁ። ቀለሙ ደብዝዞ ስለነበር ሌላ ሰው በላዩ ላይ አድምቆ ጽፎበታል። ቁጥሩ እንዳይጠፋ የተጨነቀ ሰው ነበረ ማለት ነው። ስቄ በሩን ዘጋሁት። እኔም አልቀየርኩትም።

እውነቱን ልንገራችሁ? የፈራሁት ሌባ አይደለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚመጣ ስልክ ነው። «መስመሩ ቆሟል፣ ፓስወርዱ ስንት ነው?» የሚል። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ካቆመ ሰው በላይ የሚወቀስ የለም።

ከዚያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኅዳር 25 ቀን 2023 መጣ። አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ አሊኪፓ የምትባል ከተማ አለች። የከተማዋ ውኃ ድርጅት የግፊት ማስተካከያ ፓምፕ ጣቢያ ነበረው። እዚያ ያለው መሣሪያ ስክሪኑ ላይ ድንገት «ተጠልፋችኋል» የሚል መልእክት ወጣ። መሣሪያው እስራኤል ውስጥ የተሠራ የዩኒትሮኒክስ ፒኤልሲ ነው። ጠላፊዎቹ ራሳቸውን ሳይበር አቬንጀርስ ይላሉ፤ አሜሪካ ከኢራን አብዮታዊ ዘብ ጋር የተያያዙ ናቸው ብላለች። ሠራተኞቹ ፓምፑን በእጅ ወደ ማንቀሳቀስ ተመለሱ፣ ውኃውም አልተቋረጠም። መንግሥት ባወጣው ማስጠንቀቂያ የተጠቀሰው፣ መሣሪያው ከተሠራበት ፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ፓስወርድ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 1111። ሳነበው ያ የፓነል በር ፊቴ ድቅን አለ።

ሒሳቡን እንየው። ባለአራት አኃዝ ቁጥር 10,000 ዓይነት ብቻ ነው። አንድ ፕሮግራም በሰከንድ አንዴ ቢሞክር ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም ይጨርሳል። አምስት ጊዜ የሳተን ለ10 ደቂቃ ዝጋ ብትሉት ግን ያው ሥራ ወደ 14 ቀን ይፈጃል። ጥሩ ነው አይደል? ችግሩ 1111ን ማንም በመጀመሪያው ሙከራ ይሞክረዋል። አምስት ዕድል ለምን ያስፈልገዋል? በፈረንጆቹ 2016 ዓለምን ያስጨነቀው ሚራይ የተባለ የጠላፊዎች ፕሮግራም እንኳ ይዞ የዞረው ከፋብሪካ የሚመጡ 60 ገደማ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርዶችን ብቻ ነው። ለእነዚያ ሁሉ ካሜራና ራውተር በቃው።

አሁን ወደ ጉዴ ልመለስ። ከአሊኪፓ በኋላ አንድ ቦታ ስዊቾቹን በሙሉ ረጅም ፓስወርድ ሰጠኋቸው። አምስት ሲስት ይዘጋ አልኩ። ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት ስመጣ አንዱ ስዊች አላስገባ አለኝ። ቆልፏል። በገመድ ገብቼ ሎጉን፣ ማለትም የሙከራዎቹን መዝገብ ሳየው፣ በየ30 ሰከንዱ ያልተሳካ ሙከራ፣ ሌሊቱን ሙሉ! ላብ አጠመቀኝ። ተጠለፍን አልኩ። የላኪውን አድራሻ ሳየው... የራሳችን ኮምፒውተር ነው። የስዊቾቹን ሁኔታ የሚከታተለው ሶፍትዌር አሮጌውን ፓስወርድ ይዞ ሲያንኳኳ አድሯል። እሱን የረሳሁት እኔ ነኝ።

ያኔ ገባኝ። ቁልፉ አጥቂውን ከእኛ አይለይም። ሆን ብሎ ፓስወርድ እየሳተ እናንተን ውጭ የሚያስቀር ክፉ ሰው ሊኖርም ይችላል። ስለዚህ አሁን መሣሪያው ከፈቀደልኝ የምዘጋው ተጠቃሚውን ሳይሆን የሚያንኳኳውን አድራሻ ነው። በቀጥታ በገመድ የሚገባበትን በር አልቆልፈውም፤ እሱን የሚጠብቀው የፓነሉ ቁልፍ ነው። ከውጭ መግባት በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር ብቻ ነው፣ ፒኤልሲውም ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። ፓስወርዱን ደግሞ በታሸገ ፖስታ የፈረቃ ኃላፊው ጋ አኖራለሁ። የሌሊቱ ስልክ ሲመጣ ፖስታው ይቀደዳል፣ በማግስቱ ፓስወርዱ ይቀየራል።

ባለፈው ያ መጀመሪያ ያልኳችሁ ፋብሪካ ሄጄ ነበር። ፓስወርዱን ቀየርኩ። የበሩን ጽሑፍ በቲነር ጠራርጌ አጠፋሁት። የድሮው ኤሌክትሪሺያን፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ አጠገቤ ቆመው ዝም ብለው ያዩኛል። ስጨርስ ከኪሳቸው ማርከር አወጡና «በል አንተ ልጅ፣ አዲሱን ንገረኝ» አሉኝ።