ሳኤ ኩሮሳዋ ምን በደለች?

እንደምን አመሻችሁ፣ ወዳጆቼ።

ዛሬ ለአንዲት መንፈስ ጥብቅና ልቆምላት ነው የመጣሁት። ስሟ ሳኤ ኩሮሳዋ ነው። የጃፓኑ ቴክሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው «ፌታል ፍሬም 2፦ ክሪምሰን በተርፍላይ» የሚባል አስፈሪ ጌም ውስጥ ነው ያለችው። ታሪኩን እስከ ጫፉ ስለምዘከዝከው፣ ልጫወተው ብሎ ያሰበ ካለ አሁኑኑ ወጣ ብሎ ቡና ይጠጣ።

ጌሙ የሚካሄደው ሚናካሚ በሚባል ጫካ የዋጠው የጃፓን መንደር ነው። ከመንደሩ ሥር ጥልቅ ጉድጓድ አለ። የሙታን ደጅ ነው። እንዳይከፈት በየጊዜው መንታ ይገበርለታል። ታላቅየዋ ታናሿን በገዛ እጇ አንቃ ትገድላለች። አስከሬኑ ወደ ጉድጓዱ ይወረወራል። የሟቿ አንገት ላይ የቀረው የእጅ ምልክት የቢራቢሮ ቅርጽ ይይዛል፣ ነፍሷም ቀይ ቢራቢሮ ሆና ትበራለች ይባላል። በነገራችን ላይ በዚያ መንደር ታላቅ የሚባለው ኋላ የተወለደው ነው።

ሳኤና ያኤ መንታ ናቸው። ታናሿ ሳኤ ናት። ሥርዓቱን የሚመራው ደግሞ የገዛ አባታቸው ነው። አስቡት፣ አባት ለሁለት ልጆቹ ቀን ሲቆርጥላቸው!

ኢትሱኪ የሚባል ጎረምሳ ግን አዘነላቸው። እሱ ራሱ መንታ ወንድሙን ሙትሱኪን በዚሁ ሥርዓት ገድሏል። ያም ሆኖ ሥርዓቱ አልሠመረም። ኢትሱኪ በድንጋጤ ፀጉሩ ነጭ ሆነ። ወንድሙን በከንቱ የገደለ ሰው ነውና ሌላ መንታ ሲሞት ቆሞ ማየት አልቻለም። ሁለቱን እህትማማቾች በሌሊት አስመለጣቸው።

ጫካው ውስጥ ሳኤ ወደቀች። ያኤ ሩጫዋን ቀጠለች። የመንደሩ ሰዎች ሳኤን ያዟት። ኢትሱኪም መያዟን ሲሰማ ራሱን ሰቀለ።

ብዙ ሰው ሳኤን የሚያውቃት ከዚህ በኋላ ባለው ነው። ያኤ አልመለስ ስትል መንደርተኞቹ ሳኤን ብቻዋን በገመድ ሰቅለው ጉድጓዱ ውስጥ ጣሏት። ሥርዓቱ ከሸፈ፣ ጉድጓዱ ተከፈተ። ሳኤ ደም የተረጨ ነጭ ኪሞኖዋን ለብሳ ተመልሳ ወጣች፤ መንደሩንም ጨረሰችው። ሬሳ በተረፈረፈበት መሀል ቆማ የምትስቀው ሳቅ አለ። ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ በጆሮ ማዳመጫ የሰማችሁት ታውቁታላችሁ። የሕፃን ልጅ ሳቅ ነው። የክፉ ሰው ሳቅ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ። ሳኤን «ለመበቀል የመጣች» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የጃፓን ተረት በዚህ ዓይነት መንፈስ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ903 በግዞት የሞተው ሹም ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ እንኳ መንፈሱ ኪዮቶ ላይ መቅሠፍት አወረደ ተብሎ፣ ቁጣው እንዲበርድ ቤተ መቅደስ ተሠርቶለታል። የተበደለ ይመለሳል፣ ካሳ ይጠይቃል። ሳኤ ግን የምትጠይቀው ካሳ አይደለም። ከመጀመሪያውም ማምለጡን አጥብቃ የፈለገችው ያኤ ናት። ሳኤ በእህቷ እጅ ሞታ ከእሷ ጋር አንድ ለመሆን ፈቃደኛ ነበረች። መንደሩ ያስተማራትን አምናለች፤ ሁለት ሆነው የተወለዱት በሥርዓቱ አንድ ይሆናሉ የሚለውን። ያቺን ሞት እንኳ ነፈጓት። ባዕድ ሰዎች ሰቀሏት። ከዚያ በኋላ የምትጠብቀው እህቷን ነው፤ ቃሏን ጠብቃ የምትመለሰውን ያኤን።

እና ማን መጣ? ሚዮ። እኛ የምንጫወትባት ልጅ። ሚዮም መንታ አላት፣ ማዩ ትባላለች። ማዩ ልጅ ሳሉ ሚዮን ስትከተል ገደል ወድቃ እግሯ ተጎድቷል፣ እስካሁንም ታነክሳለች። ሚዮ ይህን ጥፋት ተሸክማ ነው የምትኖረው። ሳኤ ማዩ ውስጥ ገባችና ሚዮን ያኤ ብላ ጠራቻት። ስትጫወቱ ልብ በሉ፤ ሚዮ ከፊት ትሮጣለች፣ ማዩ ግን ቀስ እያለች ወደ ኋላ ትቀራለች። ዞራችሁ ስታዩ የለችም። የሳኤ ታሪክ በሙሉ በዚያች ጥቂት እርምጃ ተነግሯል። ቪዲዮ ብቻ አይታችሁ ይህን አታገኙትም፤ ጆይስቲኩን የያዘው እጃችሁ ነው እህቱን ጥሎ የሚሮጠው።

የጌሙ መሣሪያ ካሜራ ነው፤ መንፈስን ፎቶ ስታነሱት ይጎዳል። መንፈሱ በቀረበ ቁጥር፣ ሊይዛችሁ በተቃረበበት ቅጽበት ካነሳችሁት፣ ጉዳቱ ይበልጣል። ስለዚህ ለመትረፍ ፊቱን ትክ ብላችሁ ማየት ግድ ነው። ከሳኤ ጋር አንድ ቦታ ስትገናኙ ግን ካሜራው አያድናችሁም። ሩጡ ነው። ከነካቻችሁ አለቀ፤ ሕይወት ቢተርፋችሁም ባይተርፋችሁም። አንዳንዱ ይህን «ፌር አይደለም» ይላል። ለእኔ ከጌሙ ሁሉ ምርጡ ውሳኔ ነው። ሌሎቹ መናፍስት ይሸነፋሉ። እሷ እህቷን ነው የምትፈልገው፣ ያንን ደግሞ በፎቶ አትመልሱላትም።

መጨረሻው የታወቀ ነው። ሚዮ ማዩን ጉድጓዱ አፍ ላይ አንቃ ገደለቻት። ቀይ ቢራቢሮ ወጣ። ብዙ አድናቂዎች «የሚያምር ፍጻሜ» ይሉታል፤ ሳኤም ዐረፈች፣ ሌሎቹም ነፍሶች ነፃ ወጡ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መንደሩ ያሸነፈበት ፍጻሜ ነው። ያኤን ከመንደሩ አስመልጦ የነበረው እምቢታ፣ በሚዮ እጅ እሺ ተብሎ ተመለሰ። ሙዚቃው ስለሚያምር ብቻ አንታለል።

«ያኤስ? ተርፋ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። የመጀመሪያውን ፌታል ፍሬም የተጫወተ መልሱን ያውቀዋል። ያኤ ያለፈውን ረስታ ሙናካታ የሚባል የባህል ተመራማሪ አገባች፣ ሚኮቶ የምትባል ልጅ ወለደች። ሂሙሮ በሚባል አሮጌ ግቢ ገብተው መኖር ጀመሩ። ልጅቱ ጠፋች። ያኤም ራሷን ሰቀለች። ሳኤን በገመድ ገደሏት፣ ያኤም በገመድ ሄደች። ጸሐፊዎቹ ይህን ሲያገናኙ እጃቸው አልራራም።

እንግዲህ ሳኤ ምን በደለች? መንደር ሙሉ ሰው ፈጅታለች፣ ይህን አልክድም። ግን ፍርዱን ስትሰጡ ክሱን ከአባቷ ጀምሩት። ልጆቹን ለጉድጓድ ያጨ፣ ልጄ ናት ብሎ እንኳ ያልራራ ሰው እሱ ነው።

አመሰግናለሁ። «ሥርዓቱ ባይፈጸም መንደሩ ይጠፋ ነበር» ብሎ አባትየውን መከላከል የሚፈልግ ካለ ማይኩ ይኸው፤ ክርክር እወዳለሁ።