ሴንጢው ቤት ይቅር

ዳኤ ቡሹ! እናቶችና አባቶች፣ የሐዋሳ ወጣቶች፣ ግሮሰሪ ያላችሁ፣ ባጃጅ የምትነዱ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እኔ ጠበቃ ነኝ። ነፍሰ ገዳይ ሲባል ምን ዓይነት ሰው ይታያችኋል? ሲያደባ የከረመ? እኔ ማረሚያ ቤት የማገኘው ብዙውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። «እንዴት እንደሆነ አላውቅም» እያለ የሚያለቅስ ልጅ ነው። ሟቹ ጓደኛው ነበር። ጠባቸው የሁለት ቢራ ሒሳብ።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1952 የተገደሉ የ588 ሰዎች መዝገብ ተጠንቶ ነበር። 380ዎቹ ነገሩ የደረሰባቸው ከዓርብ ማታ 2 ሰዓት እስከ እሑድ እኩለ ሌሊት ነው። ከሦስት ግድያ በሁለቱ ያህል መጠጥ አለበት፤ ወይ ገዳይ ጠጥቷል፣ ወይ ሟች፣ ወይ ሁለቱም። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ሽጉጥ እንደልብ በሚገዛበት አገር፣ ያኔ በስለት የሞተው በጥይት ከሞተው ይበልጥ ነበር። ዛሬ እዚያው አሜሪካ አብዛኛው የሚሞተው በጥይት ነው። ሰዉ ድንገት ከፋ? አይመስለኝም። እጅ ሲዘረጋ የሚያገኘው ነገር ተቀየረ እንጂ።

እኛ ጋ ጠመንጃ አዋጅ አለው፤ ቁጥር 1177/2012። ለሽንኩርት ቢላ ግን ማን ፈቃድ ይጠይቃል? ፖሊስ የሁሉንም ኪስ ሊፈትሽ አይችልም። ኪሳችሁን የምታውቁት እናንተው ናችሁ።

«ራሴን ልከላከልበት ነው» ትሉኛላችሁ። ደንበኞቼም እንደዚያ ብለውኛል። በቡጢ ቢያልቅ ኖሮ በማግስቱ ሽማግሌ ይገባል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ እርቅ ይወርዳል። ሴንጢ ከገባበትና ሰው ከሞተ ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ይጠብቃችኋል። ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ታስቦበት የተፈጸመ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 539፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። በ22 ዓመቱ ገብቶ በ40 የሚወጣ ልጅ ምን ይዞ ይወጣል?

ባለባጃጆች፣ የተወጋ ሰው ስትጭኑ ስለቱ ገላው ላይ ከቀረ እንዳትነቅሉት። ዙሪያውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጉና ሆስፒታል አድርሱት። በመዝገብ ላይ «አካል ጉዳት» እና «ግድያ» የሚለዩት አንዳንዴ በእናንተ ፍጥነት ነው።

ባለግሮሰሪዎች፣ ባዶ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አይከመር። ቅዳሜ ማታ በተለይ፣ ቶሎ ቶሎ አንሱት።