ድሬ ላይ ቤት ስትፈልጉ መጀመሪያ ውሃውን ጠይቁ

(ምስል፦ ሰፊ ደረቅ አሸዋ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ፍየሎች እያቋረጡ ያልፋሉ።)

ይህ የምታዩት ወንዝ ነው። አትሳቁ፣ የእውነት ወንዝ ነው። ስሙ ደቻቱ ይባላል፤ ድሬዳዋን መሐል ለመሐል ለሁለት ይከፍላታል። ከዓመቱ ቀናት በአብዛኞቹ ጠብታ ውሃ አይታይበትም። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋበታል፣ የቸኮለ ሰው በአቋራጭ ይሻገርበታል። ለከተማዋ አዲስ የሆነ ሰው ቤት ፍለጋ ሲወጣ ከሚሠራቸው ስሕተቶች ትልቁም ይህንን አሸዋ አይቶ «ሜዳ ነው» ብሎ ማለፉ ነው።

ሰላም ናችሁ። የዛሬው ዝግጅት ወደ ድሬ ለምትዛወሩ ሰዎች ነው። ዩኒቨርሲቲው ቀጥሯችሁ ይሆናል፣ ፋብሪካ ገብታችሁ ይሆናል፣ ወይም ነጻ የንግድ ቀጣናው ይዟችሁ መጥቶ ይሆናል። ከአውቶቡስ ወርዳችሁ ደላላ ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ኪራዩን ነው፤ አውቃለሁ፣ እኔም እንደዚያው አድርጌያለሁ። እዚህ ከተማ ግን ኪራይ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው ውሃ ነው፦ ሳይጠራ የሚመጣው፣ ሲጠበቅ የሚቀረው፣ በርሜል ውስጥ የሚከርመው።

(ምስል፦ ከደንገጎ ዳገት ላይ ቁልቁል የምትታይ ድሬዳዋ።)

ሳይጠራ ከሚመጣው ልጀምር። ድሬ የተቀመጠችው ከሐረርጌ ደጋ ተዳፋት ሥር ነው። እርሷ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ስትሆን፣ ሐምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከተማዋ የተቆረቆረችውም በዚሁ ተዳፋት ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሐረርን ሊነካ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ አላስወጣው አለና በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ጣቢያ ተሠራ። በዚያ ጣቢያ ዙሪያ የተሰበሰበው ሰው ነው ዛሬ ድሬ የምንለው። እንግዲህ ባቡሩን ያስቆመው ዳገት ውሃውን አያስቆምም፤ ያንደረድረዋል እንጂ። ላይ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ እናንተ ጋ ሲደርስ ዝናብነቱን ትቶ ድንጋይና ግንድ የሚያንከባልል ጎርፍ ሆኗል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ከራሳችሁ ጣራ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ፣ ኮከብ ሞልቶት ሊሆን መቻሉ ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሰው በተኛበት ደቻቱ ሞልቶ ወጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ደግሞ ያለ ቤት ቀሩ። ድሬ ውስጥ ከዚያ ሌሊት በፊት የተወለደ ሰው ሁሉ የት እንደነበረ ይነግራችኋል። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ የማስጠንቀቂያ ሥርዓትም ተዘርግቷል። ነገር ግን ጅረቱ ደቻቱ ብቻ አይደለም፤ ጎሮን የመሳሰሉ ሌሎች ደረቅ ወንዞችና ስም እንኳ የሌላቸው ብዙ ፈፋዎች አሉ። ከተማው እየሰፋ የሚሄደውም ወደ እነርሱ ነው። ርካሽ ቦታ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው፤ አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ ከጓሮው የሚያልፈው ፈፋ ነው።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ግቢው ውስጥ ቁጢጥ በሉና መሬቱን ጫር ጫር አድርጉት። ጠጠሩ ሹል ከሆነ ከዚያው የወጣ ነው። እንደ እንቁላል ድቡልቡል፣ ለስላሳ ከሆነና አሸዋ ከተቀላቀለበት ግን ውሃ ተሸክሞ ያመጣው ነው፤ ያመጣበትን መንገድ ደግሞ አይረሳም። ቀጥሎ የጎረቤቶችን በር ተመልከቱ። ሰፈሩ በሙሉ ደፉን በሲሚንቶ ከጉልበት በታች ከፍ አድርጎ ከሠራ፣ ለጌጥ ብሎ አይደለም። ከዚያ በዕድሜ የገፉ ሰው ፈልጉና «አባባ፣ የ98ቱ ውሃ እስከ የት ደርሶ ነበር?» በሏቸው። በእጃቸው ያሳይዋችኋል።

(ምስል፦ ማንቆርቆሪያ፣ ከቅርብ። ክዳኑ ይከፈታል።)

አሁን ሲጠበቅ ወደሚቀረው ውሃ እንምጣ። ይህ የእኔ ማንቆርቆሪያ ነው። ታቹ ላይ የምታዩት ነጭ ቅርፊት ቀለም እንዳይመስላችሁ። ድሬ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ ነው፤ ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ተጣርቶ ስለሚመጣ ካልሲየም የበዛበት ነው። በፈላ ቁጥር ኖራው ይቀራል። በማንኪያ ስትፍቁት እንደ እንቁላል ቅርፊት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጨምራችሁ ብታፈሉት ይለቃል፤ ለማንቆርቆሪያ መድኃኒቱ ቀላል ነው።

ለቧንቧ ግን ቀላል አይደለም። ይኸው ቅርፊት በግድግዳው ውስጥ በተቀበረው ቱቦ ላይ ዓመት ከዓመት ይደራረባል፣ ቀዳዳውን ያጠባል። ስለዚህ ቤት ስታዩ ቀለሙንና ሴራሚኩን ለሌላ ጊዜ አቆዩትና ቧንቧውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ክፈቱት። የሻወሩን ወንፊት ቀና ብላችሁ እዩት፤ ግማሹ ቀዳዳ ተደፍኖ ውሃው ወደ ጎን የሚረጭ ከሆነ ውስጡ ያለው ቱቦም ከዚያ አይሻልም።

ደላላው «ውሃ በየቀኑ ነው» ይላችኋል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ነው። እናንተ ግን በአጥሩ አሻግራችሁ በጎረቤቱ ግቢ ያለውን የውሃ ዕቃ ቁጠሩ። አንድ በርሜል ያለው ግቢና ሁለት ሮቶ፣ ሦስት በርሜል፣ ደርዘን ጀሪካን የደረደረ ግቢ አንድ ዓይነት ሰፈር ውስጥ አይደሉም። ፈረቃው ረጅም በሆነበት ቦታ ሰው ገንዘቡን ዕቃ ላይ ያፈሳል። ከእናንተ የሚጠበቀው «ውሃ አለ ወይ?» ማለት ሳይሆን «ባለፈው መቼ መጣ? ከዚያ በፊትስ?» ማለት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው።

የበርሜሉ ነገር ሌላም ጣጣ አለው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ድሬ ውስጥ ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ ይጠፋል በሚባልበት በደረቁ ወቅት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በወባ ታመሙ። ያጠኑት ሰዎች ያገኙት ተጠያቂ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ ናት። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ ሰው ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ፣ በበርሜልና በገንዳ ትራባለች። ስለዚህ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የትንኝም ሰፈር የመሆን ዕድል አለው። ክዳን የሌለው በርሜል ካያችሁ ጎንበስ ብላችሁ ውስጡን እዩት፤ ትሎቹ እየተጥመለመሉ ከሆነ መልሳችሁን አገኛችሁ። የራሳችሁን ግን ክደኑ፣ አጎበርም ግዙ።

(ምስል፦ በስተ ምዕራብ የተገተረ ባዶ የብሎኬት ግድግዳ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት።)

ስለ ፀሐይ የምነግራችሁ በራሴ ስለደረሰ ነው። የመጀመሪያውን ቤቴን ያየሁት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር። ደስ የሚል ነፋስ ነበረ፤ ክፍሉ ብሩህ፣ ኪራዩም መጠነኛ። ቀብድ ከፈልኩ። ግንቦት ሲገባ ነው ነገሩ የገባኝ። የመኝታ ክፍሌ ግድግዳ ወደ ምዕራብ ነው፤ ከፊቱ ዛፍ የለም፣ በረንዳ የለም፣ ጣራውም ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ መዳፌን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ ከምጣድ እንደ ወረደ እንጀራ ይሞቅ ነበር። ፍራሼን አውጥቼ ግቢ ውስጥ መተኛት ጀመርኩ። ባለቤቱ «እኛም እንደዚያው ነው የምናደርገው» አሉኝ፤ ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ምክሩ አጭር ነው፦ ቤቱን ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ እዩት። ደላላው በዚያ ሰዓት መውጣት አይወድም፤ ማንም አይወድም። ሂዱ።

ከዚራ በሚባለው ሰፈር የድሮዎቹን ቤቶች ያየ ሰው ይህንን ነገር ቀድሞ የተረዳ ግንበኛ እንደነበረ ያውቃል፦ ወፍራም ግንብ፣ ከፍ ያለ ጣራ፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ መንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ሰፈር ደግሞ በሌላ መንገድ እዚያው ይደርሳል፤ ጠባብ መተላለፊያ፣ አንዱ ግድግዳ ለሌላው ጥላ። አዲስ በሚሠሩት ሰፈሮች ግን ፎቁን በመስታወት መሸፈን ፋሽን ሆኗል። ይህ ለእኔ እንቆቅልሽ ነው። መስታወት ለደጋ ሰው ነው።

(ምስል፦ ከባጃጅ ውስጥ የሚታይ መንገድ።)

ወደ ሰፈሮቹ። ከዚራ መሐል ነው፣ ድል ጮራ ሆስፒታል ቅርብ ነው፣ ጥላ አለው፤ ኪራዩም ይህንን ሁሉ ያውቃል። መጋላ ከቀፊራ ገበያ አጠገብ ለመኖር ለሚወድ ሰው ነው፤ በአንድ ጠዋት ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ሰምታችሁ፣ ሳትራመዱ ሁሉን ገዝታችሁ ትመለሳላችሁ። ዝምታ ለሚፈልግ ግን አይሆንም። ሳቢያን በመስፋፋት የተወለደ ሰፈር ነው፤ ግቢው ሰፋ ይላል፣ ሆስፒታልና ሱቅ አለው፣ ልጆች ላሏቸው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የማሳየው እርሱን ነው።

ከዚያ ወዲያ መልካ ጀብዱ አለ። ስለ እርሱ ትንሽ ልቆይ፤ ዛሬ «በፍጥነት እያደገ ነው» ሲባል የሚጠቀሰው እርሱ ነውና። አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው የተሠራው እንደ ጥንቱ ከዚራ ውስጥ ሳይሆን በዚያ በኩል ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩም እዚያ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጣና ድሬዳዋ ላይ ሥራ ሲጀምር የሰውም የከባድ መኪናም ፍሰት ወደዚያ አዘነበለ። ድሬ ለሁለተኛ ጊዜ በባቡር ጣቢያ ዙሪያ እየተሰበሰበች ነው ማለት ይቻላል።

ሥራችሁ እዚያው ከሆነ እዚያው ተከራዩ። ሥራችሁ መሐል ከተማ ሆኖ ኪራይ ስለረከሰ ብቻ ልትሄዱ ካሰባችሁ ግን አንድ ሒሳብ ሥሩ። ድሬ እኩለ ቀን ላይ ታርፋለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ቤቱ ይገባል፣ ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል፣ ጫቱን የሚቅምም ይቅማል፤ ከተማው እንደገና የሚነቃው ፀሐይ ስትበርድ ነው። ይህ ማለት በሌላ ከተማ በቀን ሁለት ጊዜ የምትመላለሱበትን መንገድ እዚህ አራት ጊዜ ትሄዱበታላችሁ። የባጃጁን ሒሳብ በአራት አባዙ፣ በወሩ የሥራ ቀናት አባዙ፣ ከዚያ ከኪራዩ ጋር ደምሩት። ርካሹ ቤት ርካሽ ሆኖ ከተገኘ መልካም። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ባጃጅ ይገኝ እንደሆነም አንድ ቀን አምሽታችሁ ሞክሩ።

ስለ ወረቀት ባጭሩ። ለተከራይ፦ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። የስድስት ወር በአንድ ጊዜ ክፈሉ ለሚላችሁ ሰው ይህንን በትሕትና አንሡለት። ለገዢ፦ ከከተማው ዳር «የአርሶ አደር ቦታ ነው፣ በውል እናስፈርማለን» የሚል ነገር ከሰማችሁ ተነሡና ሻይ ጠጡ። ካርታ የሌለውን ቦታ ምስክር አያስከብረውም። ካርታ ካለም ኮፒውን ይዛችሁ ራሳችሁ መሬት አስተዳደር ሂዱ፤ ዕዳና እገዳ እንዳለበት የሚታወቀው እዚያ ነው።

(ምስል፦ ትልቅ የኒም ዛፍ፤ ከሥሩ አራት ዱካና አንድ የቡና ረከቦት።)

«አንተስ የት ተከራየህ?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ ሳቢያን ነኝ፣ ከፈፋው ራቅ ብሎ ከፍ ያለው በኩል። ውሃ በፈረቃ ነው፤ አንድ ሮቶ አለኝ፣ ክዳኑ ይገጥማል። ቤቱ ከጎረቤቶቹ ጠበብ ይላል፣ ኪራዩም ትንሽ ይበልጣል። ለምን እንደሚበልጥ አከራዬን ስጠይቃቸው መልስ አልሰጡኝም፤ ወደ ምዕራብ ግድግዳው ወስደው ይህንን ኒም አሳዩኝ። ባለፈው ግንቦት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከሥሩ የተቀመጥነውን ስቆጥር አሥራ አንድ ነበርን፤ ከግቢው ተከራዮች ግን ሁለታችን ብቻ ነን።