180 ግራም ሸክላ ድምፁ ይሻላል?

(ምስል፦ ሁለት ሸክላዎች ጎን ለጎን። አንዱ ሲያነሱት ይለመጣል፤ ሌላው ንቅንቅ አይልም።)

አዲስ የሙዚቃ ሸክላ (ቪኒል) ስትገዙ ልባሱ ላይ አንዲት ተለጣፊ ወረቀት አታጡም። "180 ግራም" ትላለች። አንዳንዴም "200 ግራም"። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ጨመር ያለ ነው። ሸክላውን ስታወጡት እጅ ላይ ይከብዳል፤ ግትር ነው፤ መያዙ ራሱ ደስ ይላል። ገና ሳይጫወት "ይሄማ ድምፁም ሌላ ነው" ማለት ይመጣል።

አጭሩ መልስ፦ ክብደቱ ብቻውን ድምፅ አያሻሽልም። ረጅሙ መልስ ግን ይጥማል፤ እሱን እንየው።

መጀመሪያ ቁጥሩ። የተለመደው ባለ 12 ኢንች ሸክላ ከ120 እስከ 140 ግራም ይመዝናል። የሚሠራበት ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወደ 1.4 ግራም ይደርሳል። ሒሳቡን ስትሠሩት ባለ 120ው በአማካይ 1.2 ሚሊሜትር ግድም ይወፍራል፤ ባለ 180ው ደግሞ 1.8። ይህ ሁሉ ወሬ የተነሳው እንግዲህ ግማሽ ሚሊሜትር ከምናምን ላይ ነው።

(ምስል፦ የሸክላው ገጽ በማይክሮስኮፕ፤ ጎን ለጎን የተኙ ጠመዝማዛ ቦዮች።)

አሁን ጠጋ ብለን እንመልከት። ሙዚቃው ያለው እዚህ ነው፤ መርፌው በሚሄድባት ቀጭን ቦይ ውስጥ። ቦይዋ እንደ ቪ ፊደል የተቀረጸች ናት። ሁለቱ ግድግዳዎች በ90 ዲግሪ ይገናኛሉ። በስቴሪዮ ሸክላ አንዱ ግድግዳ የግራውን ድምፅ፣ ሌላው የቀኙን ይዟል። ስፋቷ በአማካይ 50 እና 60 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ቢሆን ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ማለት ነው። ጥልቀቷ ደግሞ የዚያ ግማሽ።

30 ማይክሮን ጥልቀት ያላት ቦይ 1200 ማይክሮን ውፍረት ያለው ሸክላ ላይ ተቀርጻለች። በሁለቱም ገጽ ብትቆጥሩት እንኳ መሀሉ ላይ ከ1100 ማይክሮን በላይ ያልተነካ ፕላስቲክ ይተርፋል። ሸክላውን ስታወፍሩት የምትጨምሩት ይህን የመሀሉን ፕላስቲክ ነው። መርፌው ደግሞ እዚያ አይደርስም። "ወፍራም ሸክላ ላይ ቦዩ ይጠልቃል" የሚል ወሬ አንዳንዴ ይሰማል። አይጠልቅም። ያው አንድ ማተሚያ ባለ 120ውንም ባለ 180ውንም ሊያትም ይችላል፤ ቦዩ አንድ ነው። ግጥም በወፍራም ወረቀት ስለታተመ አይጣፍጥም።

ታዲያ ድምፁን የሚወስነው ምንድነው? አብዛኛው ነገር የሚያልቀው ፕላስቲኩ ገና ሳይመጣ ነው።

(ምስል፦ የመቅረጫ ማሽን፤ ከጥቁሩ ላከር ላይ እንደ ክር እየተላጠ የሚወጣ ቁራጭ።)

ባለሙያው ሙዚቃውን በላከር (ቫርኒሽ መሰል ለስላሳ ቅብ) በተቀባ የአሉሚኒየም ዲስክ ላይ በመቅረጫ መርፌ ይቀርጻል። ቤዙ ምን ያህል ይግባ? ድምፁ ምን ያህል ይጩህ? በአንድ ገጽ ስንት ደቂቃ ይያዝ? ይሄ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነው። ጮክ ያለ ድምፅ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። በአንድ ገጽ 20 ደቂቃ አካባቢ ምቹ ነው። 28 እና 30 ደቂቃ ለማስገባት ከተሞከረ ቦዮቹ ይጣበባሉ፤ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ሽሽታው ከፍ ብሎ ይሰማል። ይህን 300 ግራም ፕላስቲክም አያድነውም።

ከዚያ ላከሩ በብር ይለበጣል፤ ላዩ ላይ ኒኬል ይጋገርበታል። ከኒኬሉ ሌላ ኒኬል እየተቀዳ መጨረሻ ላይ ማተሚያው ይገኛል። እዚህ ላይ አንዲት አቧራ ከገባች በሺህ ሸክላ ላይ ያችው "ቋ" የምትል ድምፅ ትደገማለች። ማተሚያውም ያረጃል። ብዙ ከታተመበት በኋላ የቦዩ ጥራት ይቀንሳል። የመጀመሪያው መቶ ውስጥ የታተመ ቀጭን ሸክላ፣ ያረጀ ማተሚያ ካወጣው ከባድ ሸክላ ይበልጣል።

ቀጥሎ ማተም ነው። የሞቀ የፒቪሲ ድቡልቡል በሁለት ማተሚያዎች መሀል ይቀመጣል። ወደ 100 ቶን የሚጠጋ ኃይል ይጫነዋል። እንፋሎት ያሞቀዋል፤ ከዚያ ውኃ ያቀዘቅዘዋል። ሁሉም ነገር ግማሽ ደቂቃ አካባቢ ቢፈጅ ነው። ፕላስቲኩ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቦዩን ጥግ ድረስ መሙላት አለበት። ካልሞላ በብርሃን ስር ሸክላው ላይ የሚያብለጨልጩ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። ሲጫወት ደግሞ ጨርቅ እንደሚቀደድ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ስፒከር ብቻ። እያጠባችሁት የማይጠፋ ጫጫታ ካለ ይህን ጠርጥሩ። አዲስ ሸክላ ነው ብላችሁ መርፌያችሁን አትውቀሱ።

ክብደት እዚህ ጋ ሁለት ስለት ነው። ወፍራም ሸክላ ሙቀት ይይዛል፤ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ይፈልጋል። ፋብሪካው ቸኩሎ ካወጣው ሳይደርቅ ይጣመማል። ስለዚህ "180 ግራም አይጣመምም" የሚለው እውነት የሚሆነው በትክክል ከቀዘቀዘ ብቻ ነው። አንዴ ከተጣመመ ደግሞ ቀጭኑን መልሶ ማቅናት ይቀላል፤ ወፍራሙ እምቢ ይላል።

በትክክል ከተሠራ ግን ክብሩን እንስጠው። ከባድ ሸክላ በመደርደሪያ ላይ በቀላሉ አይንጋደድም፤ የማጫወቻው ሰሃን ላይም ደልደል ብሎ ይተኛል። መንጋደድ ለድምፅ ችግር ነው። በደቂቃ 33⅓ ዙር ሲጫወት ሸክላው በሰከንድ ከግማሽ ዙር ትንሽ በለጥ አድርጎ ይዞራል። በአንድ በኩል ብድግ ያለ ሸክላ መርፌውን የያዘውን ክንድ በየዙሩ ያነሳዋል፤ ይጥለዋል። ጆሯችሁ አይሰማውም፤ የቤዙ ስፒከር ግን ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲል በዓይን ይታያል።

"ከባዱ ንዝረት ይውጣል" የሚሉም አሉ። ይህን ብዙም አልገዛውም። ሸክላው የተኛው ሰሃን ላይ ነው፤ ደህና ማጫወቻ ደግሞ ሰሃኑ ብቻውን ከአንድ ኪሎ ይበልጣል። በዚያ ላይ 60 ግራም ምን ያመጣል? የሰሃኑን ምንጣፍ ብትቀይሩ የተሻለ ትሰሙ ይሆናል።

(ምስል፦ የድሮ ቀጭን ሸክላ በሁለት ጣት ሲለመጥ።)

ቀጭን ሸክላ ስሙ የጠፋው በአሜሪካ ነው። አርሲኤ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መባቻ ዳይናፍሌክስ የሚባል እንደ ልብ የሚለመጥ ሸክላ አወጣ። ሰዎች "ዳይናዋርፕ" ብለው ቀለዱበት፤ የተጣመመ ለማለት። በ1973 ደግሞ የነዳጅ ቀውስ መጣ። ፒቪሲ የነዳጅ ልጅ ነው፤ ጥሬ ዕቃው ተወደደ። ፋብሪካዎች ቆጠቡ፤ ያገለገለ ፕላስቲክ መልሰው የፈጩም ነበሩ። የዚያን ጊዜ ሸክላ የሚንጫጫው በዚህ ቆሻሻ ፕላስቲክ እና በጥድፊያ ሥራ ነው፤ ጥፋቱ ግን በቅጥነቱ ላይ ተላከከ። ዛሬም ድረስ ጸጥ ብለው የሚጫወቱ ዳይናፍሌክሶች አሉ።

አንድ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል፦ ወፍራም ሸክላ የክንዱን ከፍታ አያዛባም ወይ? ያዛባል፤ በትንሹ። ክንዱ 23 ሴንቲሜትር ግድም ቢሆን፣ የ0.6 ሚሊሜትር ልዩነት የመርፌውን ማዕዘን የሚቀይረው በ0.15 ዲግሪ ነው። ከፍታውን ለእያንዳንዱ ሸክላ የሚያስተካክል ሰው ካለ አልከለክለውም፤ ትዕግስቱን ይስጠው።

በምትኩ ፍጥነቱን ተመልከቱ። እሱ ከክብደት ይልቅ ይሰማል። በ33⅓ ዙር የውጩ ቦይ በመርፌው ስር በሰከንድ 50 ሴንቲሜትር ያህል ያልፋል፤ መለያው ወረቀት አጠገብ ሲደርስ 21 ብቻ ይቀራል። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ርቀት ታጭቋል ማለት ነው። የገጹ የመጨረሻ ዘፈን ላይ የድምፃዊው "ስ" እና "ሽ" የሚሻክረው ለዚህ ነው። በ45 ዙር የተቀረጸ ከሆነ የውስጡ ፍጥነት ወደ 28 ይወጣል። አንድ አልበም በሁለት ሸክላ በ45 ሲወጣ ገጽ መገልበጥ ይበዛል፤ ግን ገንዘባችሁን የሚያወጣ ነገር አገኛችሁ።

እና ከመግዛታችሁ በፊት፣ ከተቻለ ሸክላውን ብርሃን ላይ ዘንበል አድርጉት። የመጨረሻው ቦይ እና መለያው ወረቀት መሀል ባዶ ቀለበት አለ። እዚያ ላይ የተጫሩ ቁጥሮችና ፊደሎች ታገኛላችሁ። አንዳንዱ የማተሚያው ቁጥር ነው፤ አንዳንዱ የቀረጸው ባለሙያ ፊርማ። አሜሪካዊው ባለሙያ ቦብ ሉድዊግ "አርኤል" ብሎ ይጭር ነበር። እንግሊዛዊው ጆርጅ ፔክሃም ደግሞ "ፖርኪ ፕራይም ከት" ብሎ። የሰብሳቢዎች ገበያ ላይ አንድ አልበም ከሌላው እትሙ በብዙ እጥፍ የሚወደደው በእነዚህ ጭረቶች ምክንያት ነው፤ ብዙዎቹም 120 እና 130 ግራም የሚመዝኑ ናቸው።

ከባዱን ለመሰብሰብ የወሰናችሁ ካላችሁ ግን መደርደሪያውን አጠንክሩት። መቶ ሸክላ ላይ 6 ኪሎ ይጨምራል።