ሴፋሎፖዶችን በመኖሪያቸው ለማጥናት ጊዜ ይሰጠን፦ በሥነ ሕይወት መምህራንና ተመራማሪዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ መምህሮቼ፣ የሙያ ጓደኞቼና ውድ ተማሪዎች፤

ሴፋሎፖድ ስለሚባሉት የባሕር እንስሳት፣ ማለትም ስለ ኦክቶፐስ፣ ስለ ስኩዊድና ስለ ካትልፊሽ የመስክ ጥናት እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በሐይቆቻችንና በወንዞቻችን ውስጥ ከእነዚህ እንስሳት አንዱም እንደሌለ እዚህ ያለን ሁላችንም እናውቃለን፤ እስከ ዛሬ ከታወቁት ወደ 800 ከሚጠጉት የሴፋሎፖድ ዝርያዎች መካከል ጨው በሌለው ውኃ የሚኖር አልተገኘም። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቻችን ከእነርሱ ጋር የተዋወቅነው ገና በመጀመሪያው የሥነ እንስሳት ትምህርታችን ነው። በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ፣ ፎርማሊን በሞላው ጠርሙስ ውስጥ፣ ክንዶቹን አጥፎ የተቀመጠውን ነጭና የተሸበሸበ ኦክቶፐስ ታስታውሱታላችሁ። ስምንት ክንድ፣ ሦስት ልብ፣ መዳብ ያለበት ሰማያዊ ደም ብለን ጽፈን ፈተናውን አለፍን።

የሕያው ኦክቶፐስ ቆዳ ክሮማቶፎር በተባሉ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የቀለም ከረጢቶች የተሞላ ነው፤ ከአንጎል በሚመጣ ትእዛዝ ጡንቻዎች እነዚህን ከረጢቶች ሲስቧቸውና ሲለቋቸው እንስሳው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መልኩን ይለውጣል። የሚለውጠውም አዳኝ ዓሣ ስላየ፣ ተቀናቃኝ ስለመጣ፣ ሴት ስለቀረበች፣ ወይም ከአሸዋ ወደ ኮራል ስለተሻገረ ነው። በጠርሙሱ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። በገንዳ ውስጥ በሚያዘው እንስሳ ላይም የምናየው ከፊሉን ብቻ ነው፤ አዳኙም፣ ተቀናቃኙም፣ ኮራሉም ከእርሱ ጋር አልመጡምና። ስለዚህ እነዚህን እንስሳት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደሚኖሩበት መሄድ፣ እዚያም መቆየት አለበት። ዛሬ ልናገረው የመጣሁት ይህንኑ ነው፤ በተለይም መቆየት ስለሚለው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በአፕሪል 2007 በብሩስ ሮቢሰን የሚመራው የሞንቴሬይ ቤይ አኳሪየም የምርምር ተቋም ቡድን በካሊፎርኒያ ጠረፍ አጠገብ ባለው የሞንቴሬይ ካንየን፣ 1,400 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ከመርከብ በገመድ የሚመራ ሰው አልባ መሣሪያ አወረደ። መሣሪያው አንዲት ኦክቶፐስ ወደ ቋጥኝ ስታመራ በካሜራው ቀረጻት። ከ38 ቀን በኋላ ወደዚያው ሲመለሱ ኦክቶፐሷ በቋጥኙ ላይ ተጣብቃ፣ ዕንቁላሎቿን በክንዶቿ ከልላ አገኟት። ያችው መሆኗን ያወቁት በሰውነቷ ላይ ባሉት ጠባሳዎች ነው። ዝርያዋ ግራኔሌዶኔ ቦሬኦፓሲፊካ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ወደዚያ አካባቢ በተመለሰ ቁጥር ጎራ እያለ ያያት ጀመር። በክረምትም በበጋም በተመለሱ ቁጥር ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። የውኃው ሙቀት ወደ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሸርጣኖችና ሽሪምፖች በአጠገቧ ሲያልፉ፣ ለመብላት ክንዷን ስትዘረጋ አንድም ጊዜ አልታየችም፤ በጣም ከቀረቧት ገፍታ ታርቃቸዋለች እንጂ። ተመራማሪዎቹ በመሣሪያው የብረት እጅ የሸርጣን ሥጋ ቢያቀርቡላትም አልነካችውም። ከዓመት ዓመት ሰውነቷ እየኮሰመነ፣ ቆዳዋ እየነጣና እየላላ፣ ዓይኖቿ ጭጋግ እየለበሱ ሄዱ። ዕንቁላሎቹ ግን እያደጉ ነበር፤ ውለው አድረው በሽፋናቸው ውስጥ ያሉት ጫጩቶች ይታዩ ጀመር። በ18 ጉብኝት እንዲህ ተከታተሏት። ለመጨረሻ ጊዜ ያዩአት በሴፕቴምበር 2011 ነበር። በኦክቶበር ሲመለሱ እርሷ የለችም፤ በቋጥኙ ላይ የተረፉት የተቀደዱ ባዶ የዕንቁላል ሽፋኖች ናቸው። ቆጥረው ወደ 160 የሚጠጉ ዕንቁላሎች እንደነበሩ ገመቱ፤ በቦታዋ የቆየችበትን ጊዜ ሲያሰሉ 53 ወር ሆነ። አራት ዓመት ተኩል ያህል ማለት ነው። በጥልቀት በሌለው ባሕር የሚኖሩት ኦክቶፐሶች ዕንቁላላቸውን የሚጠብቁት ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው። ግኝቱ በ2014 ሲታተም፣ እስከዚያ ድረስ ከታወቁ እንስሳት ሁሉ ይህን ያህል ረጅም ጊዜ ዕንቁላሉን የጠበቀ አልነበረም። ቅዝቃዜው የጽንሱን ዕድገት ያዘገየዋል፤ ጫጩቶቹም ሲፈለፈሉ ራሳቸውን ችለው ማደን በሚችሉበት ደረጃ ላይ ደርሰው ነው።

አሁን እንግዲህ የመጣሁበትን ልናገር። ይህ ሥራ የሦስት ዓመት በጀት ተሰጥቶት የተጀመረ ቢሆን ኖሮ በ2010 ይዘጋ ነበር። የመጨረሻው ሪፖርት ምን ይላል? «እናቲቱ ዕንቁላሏን ይዛ ተቀምጣለች፤ ውጤት አልተገኘም» ይላል! የሁለት ዓመት በጀት ቢሆንማ ምን እንደሚጻፍ እናንተው ፍረዱ። የእንስሳው ሕይወት አራት ዓመት ተኩል ሲጠይቅ እኛ ሁለት ዓመት ሰጥተን፣ ከዚያ ባዶ እጃችንን ስንመለስ ጥፋቱን በተማሪው ላይ እናደርጋለን። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው!

እኔም የካትልፊሾችን የመራቢያ ቦታ ለበርካታ ዓመታት ለመከታተል የምርምር ድጎማ በጠየቅሁ ጊዜ ፕሮፖዛሌ ተመልሶልኛል። ገምጋሚው የጻፈልኝ አስተያየት «መላምት የሌለው ነው፤ ማየት ምርምር አይደለም» የሚል ነበር። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ማየት ምርምር ካልሆነ የሥነ ሕይወት ሳይንስ ከየት ተነሣ? መላምቱስ ከየት ይወለዳል? ማንም ያላየውን እንስሳ ጠባይ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ በመላምት መልክ መጻፍ የሚችል ሰው ካለ ይምጣና ያሳየን!

ስለ ካትልፊሽ ካነሳሁ በደቡብ አውስትራሊያ፣ በዋያላ ከተማ አጠገብ፣ ፖይንት ሎውሊ የተባለውን ቦታ ሳልጠቅስ አላልፍም። በየዓመቱ ከሜይ ጀምሮ እስከ ኦገስት ድረስ ግዙፉ የአውስትራሊያ ካትልፊሽ ለመራባት በዚያ ጥልቀት በሌለው ድንጋያማ ጠረፍ ይሰበሰባል፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል ብዙ ካትልፊሽ ለመራባት የሚሰበሰብበት ሌላ ቦታ አይታወቅም። ወንዶቹ ከሴቶቹ እጅግ ይበዛሉ፤ አንዳንዴ ለአንዲት ሴት እስከ አሥራ አንድ ወንድ ይደርሳል። ትልቁ ወንድ ሴቲቱን እየጠበቀ ሌሎቹን ያባርራል። ትንሹ ወንድ ግን ክንዶቹን ዕንቁላል እንደምትጥል ሴት አድርጎ ሰብስቦ፣ ቆዳውን የሴት ዝንጉርጉር መልክ አልብሶ፣ በትልቁ ወንድ ዓይን ሥር አልፎ ወደ ሴቲቱ ይጠጋል። ሮጀር ሃንሎንና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት ይህ ማስመሰል በእርግጥም ዘር እንደሚያስገኝ በዘረመል ምርመራ አረጋግጠዋል። ይህን ያወቁት ውኃ ውስጥ ገብተው፣ ካሜራ ይዘው፣ እንስሶቹን በዓይናቸው ተከታትለው ነው።

በዚያው ቦታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓሣ አጥማጆች በብዛት ገቡና በ1997 ብቻ ወደ 250 ቶን ካትልፊሽ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ማጥመዱ ተገደበ። በ1999 የተሰበሰቡት ወደ 183,000 ተገምተው ነበር፤ በ2013 ሲቆጠሩ ግን 13,500 ገደማ ብቻ ተገኙ። ኋላ ቁጥራቸው አንሠራርቷል፤ እሰየው የሚያሰኝ ነው። የውድቀቱ ምክንያት ግን እስከ ዛሬ በቁርጥ አልታወቀም። ለምን ቢባል፣ ከ2001 በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ቆጠራው በየዓመቱ አልተካሄደም። ማሽቆልቆሉ መቼ እንደጀመረ፣ በዚያ ዓመት ባሕሩ ምን ይመስል እንደነበር የሚነግረን መዝገብ ጎድሏል። በባዶነት ያለፈውን ዓመት በኋላ በምንም ያህል ገንዘብ ልንገዛው አንችልም፤ ለአንድ የቆጠራ ወቅት የሚያስፈልገው ጀልባ፣ ጠላቂና ነዳጅ ግን ይህን ያህል የሚያስፈራ ወጪ አልነበረም!

ከእኛ ብዙ በማይርቀው ቀይ ባሕርም የተሠራ አለ። ኤድዋርዶ ሳምፓዮና ባልደረቦቹ በ2024 ባሳተሙት ሥራ ኤይላት አጠገብ ወደ 120 ሰዓት ጠልቀው፣ ኦክቶፐስ ከተለያዩ ዓሦች ጋር አብሮ የሚያድንባቸውን 13 አደኖች በብዙ ካሜራ ቀርጸዋል። ዓሦቹ አካባቢውን እየቃኙ አቅጣጫ ሲጠቁሙ፣ መቼ መንቀሳቀስ እንዳለባቸው የሚወስነው ኦክቶፐሱ ነው፤ ሳይሠራ የሚከተለውን ዓሣ በክንዱ ይመታል። ከ120 ሰዓት 13 አደን መገኘቱን ልብ በሉልኝ።

ስለ ጥልቁ ባሕር ስኩዊዶች ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ሰዓቱ ስለሄደ አሳጥራለሁ። ግዙፉን ስኩዊድ ሕያው ሆኖ በባሕር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ያነሱት ጃፓናውያኑ ትሱኔሚ ኩቦዴራና ክዮይቺ ሞሪ ሲሆኑ፣ ይህም የሆነው በሴፕቴምበር 30 ቀን 2004 በኦጋሳዋራ ደሴቶች አጠገብ፣ 900 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ኮሎሳል ስኩዊድ የተባለው ደግሞ በ1925 ስፐርም ዌል ከተባለው ዓሣ ነባሪ ሆድ በተገኙ ክንዶች ተሰይሞ፣ በመኖሪያው የተቀረጸው በማርች 2025 ነው። ሳውዝ ሳንድዊች ደሴቶች አጠገብ 600 ሜትር ጥልቀት ላይ የተገኘው ጫጩት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። የአዋቂውን አኗኗር ገና አላየንም።

ከሰዓት በኋላ የሚቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ሁለት አንቀጽ ብቻ አለው። አንደኛው፣ ጉባኤያችን ለወጣት ተመራማሪዎች የሚሰጠው የመስክ ሥራ ድጎማ ከአንድ ዓመት ወደ አምስት ዓመት እንዲራዘም የሚጠይቅ ነው፤ የገንዘቡ መጠን በየዓመቱ ቢያንስም ግድ የለም፣ አይቋረጥ እንጂ። ሁለተኛው፣ የመስክ ምልከታ መላምት የለውም በሚል ምክንያት ብቻ ፕሮፖዛል ውድቅ እንዳይደረግ የሚል ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ባልደረቦቼ በስተግራ በኩል ተቀምጠዋል፤ ጥያቄ ያላችሁ በምሳ ሰዓት አነጋግሯቸው፤ ድምፅ ሲሰጥም ከእኛ ጋር እጃችሁን እንድታነሱ እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።