«መርምሯል» ከሚለው ቃል በኋላ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማነሣው ወንድሜን ነው።

ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የብረት መቁረጫ ማሽን ላይ ይሠራ ነበር። ማሽኑ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ወሰደ። አሁን የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት ልጁ ናት፤ አገጩን ቀና አድርጎ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይጠብቃታል።

የመጀመሪያው የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱን 30 በመቶ አለው። አሠሪው ተቃወመ፣ ሌላ ቦርድ አየው፣ 15 በመቶ ሆነ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስሌት ሙሉ በሙሉ መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ ካሳው የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው፤ ከዚያ ላነሰ ጉዳት በመቶኛው ልክ ይቀነሳል። ወንድሜ በወር 6,000 ብር ያገኝ ነበርና በ30 በመቶ 108,000 ብር፣ በ15 በመቶ 54,000 ብር ይደርሰዋል። ፍርድ ቤቱ 15ቱን ተቀበለ።

ለምን? ውሳኔው ሦስት ገጽ ነው። ሁለት ገጽ ተኩሉ የግራ ቀኙን ክርክር ይዘረዝራል። ከዚያ ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን «መርምሯል»፣ የሁለተኛውን ቦርድ ውጤት ተቀብሏል ይላል። በቃ። የመጀመሪያው ቦርድ ምን ስቶ ነው? ሁለተኛው ምን አይቶ ነው? አንድ መስመር የለም። እኔ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ የለም።

የዳኞች መዝገብ ብዛት አይጠፋኝም፤ የሥራ ክርክር በ60 ቀን ውስጥ እንዲወሰን ሕጉ ያዛል። ግን እኮ የምጠይቀው ሐተታ አይደለም፣ አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ከ1958 ጀምሮ የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 182 ፍርድ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና የውሳኔውን ምክንያት እንዲይዝ ያዛል። አያቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር «ተጠየቅ» እየተባባሉ ሲሟገቱ፣ የተረታው ሰው በየትኛው ጥያቄ እንደተረታ አደባባዩ ሁሉ ሰምቶለት ነበር የሚሄደው። ወንድሜ ግን በምን እንደተረታ ሳያውቅ ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።

መሸነፉን ይችለው ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይግባኙ ነው። ጠበቃው ውሳኔውን አገላብጦ «ዳኛው የቱ ላይ ተሳሳቱ ብዬ ልጻፍ?» አለን። ያልተነገረ ምክንያት እንዴት ይነቀፋል? የይግባኙ ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ሃያውን የጨረስነው ይህንኑ ስንፈልግ ነው። በመጨረሻ ጠበቃው «ምክንያት አልተሰጠም» የሚለውን ራሱን የይግባኝ ነጥብ አድርጎ ጻፈው።

ወንድሜ ማመልከቻውን አስነብቦ ሰማ፤ በግራ እጁም ፈረመ።