ባክቴሪያ ገዳዩ ናኖ ቅንጣት ወዳጆቻችንንም ይነካል?

[ምስል፦ ጣት ላይ የተጨመቀ ነጭ የፀሐይ መከላከያ ክሬም]

ይህን ክሬም ነጭ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለቱም የብረታ ብረት ኦክሳይዶች ናቸው። ደቀው ደቀው ከ100 ናኖ ሜትር በታች ሲሆኑ ናኖ ቅንጣት ይባላሉ። አንድ ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በክሬም አሉ፣ በቀለም አሉ፣ አሁን አሁን ደግሞ ማዳበሪያ ውስጥም እየገቡ ነው።

ስለነሱ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ባክቴሪያ መግደላቸው ነው። የትኛውን ባክቴሪያ? ቅንጣቱ እንደሆነ ይሄ ጠላት፣ ያ ወዳጅ ብሎ አይለይም።

[አኒሜሽን፦ አንድ ባክቴሪያ፣ ዙሪያውን የከበቡት ጥቃቅን ቅንጣቶች]

አንድ ባክቴሪያ 1,000 ናኖ ሜትር ገደማ ይረዝማል። 20 ናኖ ሜትር የሆነ ቅንጣት ከሱ 50 ጊዜ ያንሳል። ዋናው ነገር ግን ገጹ ነው። ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ እንውሰድ። ስድስቱ ፊቶቹ ተደምረው 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ናቸው። ያንኑ ኩብ 10 ናኖ ሜትር ጎን ወዳላቸው ኩቦች ብንከትፈው ጠቅላላ ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ክብደቱ ያው ነው። ከውሃና ከባክቴሪያ ጋር የሚነካካው ቦታ ግን እጅግ ሰፋ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንደ ኦክሳይዱ ይለያያል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ከውሃና ከኦክስጅን ጋር ተጋግዞ ቁጡ የኦክስጅን ዓይነቶችን ይፈጥራል። እነዚህ የባክቴሪያውን ሽፋን ይበጣጥሱታል። ጨለማ ውስጥ ይህ ጉልበቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ዚንክ ኦክሳይድ ግን ብርሃን አይጠብቅም። ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ዚንክ አየኖችን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን የዚንክ አተሞች፣ ይለቃል። ዚንክ ለባክቴሪያም ለእኛም ያስፈልጋል፤ ግን እንደ ወጥ ጨው ነው፣ ሲበዛ ያበላሻል። ኢንዛይሞችን፣ ማለትም የሕዋሱን ሥራ የሚያቀላጥፉትን ፕሮቲኖች፣ ያውካል።

[ምስል፦ የባዮጋዝ ጉድጓድ፣ እበትና ውሃ ሲበጠበጥ]

ሁሉም ይጎዳል ማለትም አይደለም። ማግኔታይት የሚባለው የብረት ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ባዮጋዝ ውስጥ አንዱ ጥቃቅን ሕዋስ ቆሻሻውን ይሰባብራል፣ ሌላው ሚቴን የተባለውን የሚነድ ጋዝ ይሠራል፤ በመካከላቸው ኤሌክትሮን መቀባበል አለባቸው። ማግኔታይት ድልድይ ይሆንላቸዋል። በላብራቶሪ ሙከራዎች ሚቴን ቶሎ እንዲመረት አድርጓል።

[ምስል፦ ከነሥሩ የተነቀለ ባቄላ፤ ካሜራው ወደ ሥሩ ይጠጋል]

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እዚህ ያለው ነው። ሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እባጮች ተመልከቱ። አንዱን በጥፍር ክፈቱት። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች እዚያ ተቀምጠው የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል። ባቄላ፣ ሽንብራና አኩሪ አተር የሚዘራ ገበሬ እነዚህን ባክቴሪያዎች ከዘሩ ጋር ለውሶ የሚዘራው ለዚህ ነው። ዩሪያ በተወደደበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሚገኙ ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት በ2012 በፈረንጆች አቆጣጠር ታትሟል። አኩሪ አተርን ሁለት ዓይነት ናኖ ቅንጣት በተቀላቀለበት አፈር ላይ አሳደጉ። ዚንክ ኦክሳይድ የገባበት ተክል እድገቱ እንዲያውም ትንሽ ተሻለ፤ ዚንኩ ግን ቅጠሉና ፍሬው ውስጥ ተከማቸ። ሴሪየም ኦክሳይድ የገባበት ደግሞ እድገቱም ምርቱም ቀነሰ። መጠኑ ሲበዛ የናይትሮጅን ሥራው ቀጥ አለ። ሴሪየም ኦክሳይድ ለናፍጣ ማሻሻያነት የሚጨመር ነገር ነው፤ በጭስ ወጥቶ አፈር ላይ ሊያርፍ ይችላል።

የዚንኩን ውጤት አይቶ "አይጎዳም ማለት ነው" ማለት ግን ችኮላ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ አሲድ ሲያገኝ ቶሎ ይሟሟል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ኖራ የሚፈልግ አሲዳማ አፈር ብዙ ነው። ካሊፎርኒያ ላይ የታየው ውጤት ለዚያ አፈር ዋስትና ሊሆን አይችልም።

[ምስል፦ በረድፍ የተደረደሩ የችግኝ ማሰሮዎች]

ስለዚህ ናኖ ማዳበሪያ ለጥራጥሬ ከመሸጡ በፊት በራሱ በገበሬው አፈር መሞከር አለበት፣ ራይዞቢየሙ አብሮ ተዘርቶ። አንዱ ማሰሮ ምንም ሳይገባበት፣ አንዱ ናኖው ገብቶበት፣ አንዱ ደግሞ ያው መጠን ያለው ተራ የዚንክ ጨው ገብቶበት። ሦስተኛው ማሰሮ ከሌለ ባክቴሪያውን የጎዳው የቅንጣቱ ደቃቅነት ይሁን የዚንኩ መብዛት መለየት አይቻልም። ተክሉ ሲያብብ እባጮቹ ይቆጠራሉ፣ ይመዘናሉ፣ ተከፍተው ቀለማቸው ይታያል። ሻጩን የዚህን ሙከራ ውጤት አሳየኝ ማለት መብታችሁ ነው።